ሁለት ፋሸታና አንድ ዓይን

የውሃ ጎማ ከብርጭቆ ቱቦ ጋር እንዴት እንደሚጋጠም የሚያውቅ ሰው በጎንደር ከተማ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ የማምንበት ጊዜ ነበር። ሥራዬ ነዋ። በአንድ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቴክኒሻን ነኝ። ተማሪ ሲገባ የሚያየው የተደረደረውን ጠርሙስና ቀለሙን የሚቀይረውን ፈሳሽ ነው፤ እኔ መጀመሪያ የማየው መጋጠሚያውን ነው። ፈሳሽ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ጎማውና ብርጭቆው ከሚገናኙበት ቦታ ነው። ይህን ያስተማረኝ በግራ መዳፌ ላይ ያለው ጠባሳ ነው። ተማሪ ሳለሁ ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ደረቅ ጎማ ውስጥ በግድ ስገፋ ቱቦው መሀል ለመሀል ተሰብሮ መዳፌን ሰነጠቀው። ከዚያ ወዲህ ጫፉን ውሃ ሳላስነካ፣ እጄን በወፍራም ጨርቅ ሳልጠቀልል፣ ቱቦውን ከጫፉ አጠገብ ይዤ ቀስ እያልሁ ሳላሽከረክር አጋጥሜ አላውቅም። ሌላውም ሰው እንደዚያው እንዲያደርግ እፈልጋለሁ። ካላደረገ እቆጣለሁ። ስቆጣ ደግሞ ድምፄ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ይሰማል ይሉኛል።

አብሮኝ የሚሠራው ረዳት በዕድሜ አባቴ ሊሆን የሚችል የወገራ ሰው ነበር። ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ካለ መንደር መጥቶ መጀመሪያ በጥበቃነት ተቀጠረ፤ ኋላ ዕቃ አጣቢ፣ ከዚያም የቤተ ሙከራ ረዳት ሆነ። ሁላችንም «አያ» ነው የምንለው። አያ የሚያየው በአንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ግራዋ በልጅነቱ በዓይን ማዝ ጠፍታለች። ቀኟ ግን ጉድ ነበረች፤ እኔ መነጽር አድርጌ የማልሰካውን ክር እሱ በአንድ ጊዜ መርፌ ውስጥ ያስገባዋል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመራችን በፊት በምሥራቁ መስኮት ሥር ቆሞ፣ ፊደሉ ደቃቅ የሆነ የኪስ ዳዊቱን አውጥቶ የዕለቱን ይደግማል። እስኪጨርስ እኔም ዕቃ አላንኳኳም።

«ጡረታዬ ደርሷል» ይል ነበር። «አገሬ ገብቼ ገብሴን አርማለሁ፣ ዳዊቴን እደግማለሁ። እስከዚያ ይችን አንዲቱን ይጠብቅልኝ እንጂ ሌላ አልሻም።» ይህን ሲል በጣቱ ወደ ቀኝ ዓይኑ ያሳያል። እኔም ያችን ዓይን እንደ አደራ ዕቃ እጠብቃት ነበር። ብቻ እኔ የምጠብቀው በጩኸት ነው።

የእኛ ከተማ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ለዚህ አገር ሰው ይህ ወሬ አይደለም። ለቀናት ይጠፋና ድንገት ይመጣል። ሲመጣ እንዳያመልጠን ሁላችንም ቧንቧውን ከፍተን፣ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጠን እንተዋለን። መጀመሪያ የሚመጣው አየር ነው። ቧንቧው ያፏጫል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ትፍ ትፍ ይላል፤ ከዚያ ውሃው በኃይል ይወርዳል። ድምፁን የሰማ «መጣ! መጣ!» እያለ ይሮጣል። ቧንቧ ከፍቶ መተው እንደ ጥፋት አይቆጠርም፤ ዘግቶ የሄደ ሰው ውሃው መምጣቱን በምን ያውቃል?

ቤተ ሙከራው ደግሞ ያለ ውሃ አይሠራም። የተጣራ ውሃ የምናወጣው በኤሌክትሪክ አፍልተን፣ እንፋሎቱን በብርጭቆ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳልፈን ነው። ማቀዝቀዣው ሁለት የብርጭቆ አፍንጫ አለው። በታችኛው ከቧንቧ የመጣ ቀዝቃዛ ውሃ ይገባል፣ በላይኛው ይወጣል፤ ሁለቱም ላይ ጎማ ይሰካል። ቧንቧው ሲደርቅ አያ ትንሿን በርሜል ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ ውሃ ይሞላና የጎማውን አንድ ጫፍ ይከታል፤ ሌላውን ጫፍ በአፉ ይስብና ውሃው መውረድ ሲጀምር ማቀዝቀዣው ላይ ይሰካዋል። በየቤታችን የምናደርገው ስለሆነ፣ ውሃም ስለሆነ፣ አይቼ እንዳላየሁ አልፌዋለሁ። ያን ጊዜ «ጎማ በአፍ አይሳብም» ብዬ ብከለክል ኖሮ አንዱ ድንጋጤ ይቀርልኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከስብሰባ ስመለስ አያን ከአሲድ ጀሪካን ፊት ተንበርክኮ አገኘሁት። ከትልቁ ጀሪካን ወደ ትንንሽ ጠርሙሶች መገልበጥ ነበረበት። ጀሪካኑ ከባድ ነው፤ ሲያጋድሉት እየተናጠ ይረጫል። እሱም አስቦ፣ ለዓይኑ ፈርቶ፣ ይሻላል ያለውን መንገድ መርጧል። የጎማው አንድ ጫፍ አሲዱ ውስጥ ነው፤ ሌላው ጫፍ ወደ ከንፈሩ እየሄደ ነው።

እንዴት እንደጮኽሁ አላስታውስም። ጎማው ከእጁ ወደቀ። ደግነቱ ገና አልሳበም ነበር።

«ምን ልታደርግ ነው አያ! ምን ልታደርግ ነው!»

«ኧረ ምነው እቴ፣ ነፍሴን አወጣሻት! ሳብ አድርጌ ከአፌ ሳይደርስ ልለቀው ነው እንጂ ልጠጣው ነውን?»

«ቢያመልጥህስ? ዓይንህ ላይ ቢረጭስ?»

«ናፍጣ ስንቀዳ ኖረን የለምን? ሊደርስ ሲል ይታወቃል።»

«ናፍጣ ትተፋዋለህ! ይሄ አይተፋም! አንድ ዓይና ባፈር አይጫወትም ሲባል አልሰማህም?»

ተረቱ ከአፌ ሲወጣ አፈርሁ። በሽማግሌ ላይ፣ ያውም በዓይኑ። አያ አንገቱን ደፍቶ ጎማውን ከጀሪካኑ ቀስ ብሎ አወጣና ሊያጥበው ወደ ገንዳው ወሰደው። እኔ ስጮህ እንዲያ ነው፤ አይመልስም። መልሶ ቢጮህብኝ ይቀለኝ ነበር።

በማግሥቱ ማመልከቻ ጻፍሁ። የጠየቅሁት ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ አሲድ ያለ አፍ የሚስብ የእጅ ፓምፕ፣ ለአያ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ለማቀዝቀዣው ጎማ ደግሞ ፋሸታ። ፋሸታ ማንም ጋራዥ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ጎማው ቱቦ ላይ ከተሰካ በኋላ ዙሪያውን ይዞ በካቻቢቴ የሚጠብቅ የብረት ቀለበት። ከአንድ አሮጌ መኪና ላይ ብዙ ፋሸታ ይለቀማል። ለእኔ ግን ግዥ ክፍል ከሦስት ነጋዴ ፕሮፎርማ አምጪ አለኝ። ዕቃ መሸጫው ሄጄ ለፋሸታ ፕሮፎርማ ጻፍልኝ ስለው ሰውየው ሳቀብኝ።

«እመቤቴ፣ እሱን ስጽፍ እስክሪብቶዬ ያልቃል» አለ።

ወደ ግዥ ክፍል ተመልሼ ይህንኑ ብናገር «እሱ የእርስዎ ችግር ነው» ተባልሁ። ሄድሁ፣ ተመለስሁ። ኃላፊው ስብሰባ ነው፤ ኃላፊው ሲመጣ ጸሐፊዋ የለችም፤ ጸሐፊዋ ስትመጣ ማኅተሙ ተቆልፎበታል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ። ፓምፑ «ለቀጣዩ በጀት ይያዝ» ተባለ። ከሦስቱ የመጣው መነጽሩ ብቻ ነው። ካርቶኑን ደስ ብሎኝ ስከፍተው የብየዳ መነጽር ነው፣ ድቅድቅ ያለ ጥቁር። አያ አደረገውና እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ቆመ።

«ጨለመብኝ እኮ። ይኼስ ያችኑ ያለችኝን መድፈን ነው» አለ።

መነጽሩን ይዤ ንብረት ክፍል ወረድሁ። ንብረት ያዡ ወረቀቱን አየ፣ መነጽሩን አየ። «መነጽር ይላል፤ መነጽር ገብቷል» አለኝ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ምን ይባላል? ደረጃውን ስወጣ ጥርሴን እያፋጨሁ ነበር።

አሲዱን ከዚያ ወዲህ እኔው ራሴ በማጥለያ በቀስታ እገለብጥ ጀመር፤ አያን አላስጠጋውም። የቀረኝ የማቀዝቀዣው ጎማ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ አያ የማይነቀል ልማድ አለው። ጎማ የሚያስረው በከመነዳሪ ነው፤ ያረጀ የመኪና ጎማ ውስጠኛውን ላስቲክ በምላጭ በቀጭን በቀጭኑ ቆርጦ ኪሱ ውስጥ ይይዛል። በዚህ አገር በከመነዳሪ የማይታሰር ነገር የለምና በዚህ አልጣላውም። የሚያናድደኝ አስሮ አለማጥበቁ ነው። ሁለት ዙር ጠምጠም ያደርግና ጫፉን ሸጉጦ ይተወዋል። ውሃው በኃይል ሲመጣ ጎማው ከብርጭቆው ይወልቅና ቤቱን ሁሉ ይረጨዋል። ወለሉ ሐይቅ ይሆናል፣ የተማሪ ደብተር ይርሳል፣ እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ እጮኻለሁ። አያ መወልወያውን ይዞ ይመጣል።

ስንት ጊዜ ለመንሁት። አንድ ቀን ምነው እንደማያጠብቀው ጠየቅሁት።

«እናቴ አረቄ ታወጣ ነበር» አለኝ። «ሸምበቆውን ከእንስራው አፍ ጋር የምትገጥመው በሊጥ ነው። በጭቃ መርጋ ያደረቀች ጎረቤት ነበረችን፤ እንፋሎቱ መውጫ ቢያጣ እንስራው ፈንድቶ ፊቷን ለበለባት። መጋጠሚያ ሲያስጨንቁት መልቀቅ አለበት እቴ። እሱ ይፈታ፣ ዕቃው ይትረፍ።»

«ይሄ አረቄ ቤት አይደለም!» አልሁት።

ከመነዳሪውን ወደ ኪሱ መለሰ። እኔም ክርክሩን የረታሁ መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው በዚያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከተነገረው ሁሉ እውነተኛውን ትምህርት የተናገረው እሱ ነው፤ እኔ በዲፕሎማዬ ላይ ቆሜ አልሰማሁትም። ደግሞ የማላውቀው ነገር አልነበረም። ብርጭቆ ላይ የሚታሰር ጎማ ጎማውን ብቻ ያዝ ማድረግ እንጂ ብርጭቆውን መጨበጥ እንደሌለበት ለተማሪ በአፌ የምናገረው እኔ ነኝ። ንዴት ግን ያወቁትን ያስረሳል።

በሚቀጥለው ጊዜ ጎማው ሲወልቅ የአንዲት ተማሪ ሙሉ ወር የሠራችበት ደብተር በሰበሰ፤ ልጅቷ አለቀሰች። እኔ ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። ከአራዳ ወረድ ብሎ ካለ የመኪና ዕቃ መደብር ሁለት ፋሸታ በራሴ ገዝቼ ተመለስሁ። የጎማውን ጫፍ ውሃ አስነካሁ፣ እጄን በጨርቅ ጠቀለልሁ፣ እያሽከረከርሁ ሰካሁት። እስከዚህ ድረስ እንደ ደንቡ ነው። ከዚያ አንዱን ፋሸታ በቧንቧው በኩል፣ ሌላውን በብርጭቆው አፍንጫ በኩል አድርጌ በካቻቢቴ አጠበቅሁት። በቃ ሲለኝ አንድ ዙር ጨመርሁ። የግዥ ክፍሉ፣ የጥቁሩ መነጽር፣ የወለሉ ውሃ፣ ሁሉም እጄ ላይ ነበሩና ሌላ አንድ ዙር ጨመርሁ።

«እስኪ አሁን ይውለቅ!» አልሁ።

አያ አጠገቤ ቆሞ ያያል። «ሸጋ ነው» አለ። ሌላ ምንም አልተናገረም። በመጨረሻ የተግባባን መስሎኝ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ከዚያ ለአንድ ሳምንት ያህል ውሃ ጠፋ። የተማሪዎቹ የተግባር ፈተና ቀርቧል፤ የተጣራ ውሃ ያስፈልገናል። አንድ ማታ ከሥራ ስወጣ ጎማው የተሰካበትን ቧንቧ ከፍቼ ተውሁት። ማንም አይደለም፣ እኔው ነኝ፣ በዚህ እጄ። ቢመጣ እንዳያመልጠን ብዬ። እቤቴ ስከፍት ከሥሩ ባልዲ አለ። እዚህ ግን ጎማው በሁለቱም ጫፍ በብረት ተቀፍድዶ ከቧንቧው በቀጥታ ወደ ብርጭቆው ነው የሚሄደው፤ ይህን ልዩነት አላሰብሁትም። ከልጅነት ጀምሮ የሚያደርጉትን ነገር ማን ቆሞ ያስብበታል?

ጠዋት ስገባ ውሃው ገና ነው። አያ ዳዊቱን ጨርሶ ኪሱ ከቷል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ጠርሙሶች ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ። ወደ ማቀዝቀዣው ሲሄድ እግሩን ሰማሁ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ውሃ በሌለበት እዚያ የሚሠራ ሥራ አልነበረም።

ከዚያ ቧንቧው አፏጨ። ዞር ስል ጎማው ተወጥሮ ሲዘል አየሁ። አንዴ፣ ሁለቴ ተንገጫገጨ። እንደ ወትሮው ቢሆን ወልቆ ቤቱን ይረጨው ነበር፤ ፋሸታው ግን አልለቅም አለ። በጎማው ፋንታ ብርጭቆው ሄደ። የማቀዝቀዣው አፍንጫ ከሥሩ ተቀንጥሶ ስባሪው ተፈናጠረ፤ አያ ጎንበስ ብሎ ፊቱን እዚያው አጠገብ አድርጎ ነበር። እኔ መጀመሪያ የሮጥሁት ወደ ቧንቧው ነው። ይህንንም አልረሳውም፤ ቧንቧውን ዘግቼ ነው ወደ ሰውየው የዞርሁት።

አያ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኗል። በጣቶቹ መሀል ውሃና ደም ተቀላቅሎ ይወርዳል።

«እንዳታሸው! አያ፣ እንዳታሸው!»

«አላሸሁትም» አለ። «አይዞሽ እቴ። አትጩኺ።»

በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድሁት። መንገዱ በተንገራገጨ ቁጥር ሹፌሩ ላይ እጮኻለሁ፤ አያ በሌላው እጁ ክንዴን ይዞኛል። ሐኪሙ ስባሪውን አውጥቶ ዓይኑን አሸገው። ቀን ተቆጥሮ ሲፈታ ብርሃንና ጨለማ ይለያል፣ ሰው ፊቱ ሲቆም ጥላውን ያያል። ፊደል አያይም። ሐኪሙ «ከጊዜ ጋር እናየዋለን» ከማለት ሌላ የሚነግረን አልነበረውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እኔ ወለል እንዳይረጥብ ብዬ የሰው ዓይን ጣልሁ።

ዓይኑ ገና ታሽጎ ሳለ ከአስተዳደር ሁለት ሰዎች ቅጽ ይዘው ሆስፒታል መጡ። እኔ ከራስጌው ተቀምጫለሁ። ደኅና ነዎት ወይ ካሉ በኋላ አንደኛው እስክሪብቶውን አወጣ።

«ጎማውን ያጋጠመው ማነው?»

ቃሉን ፈልጌ ሳላገኘው አያ ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ። ሁልጊዜም የማጋጥም እኔ ነኝ» አለ።

«የሠራተኛው የጥንቃቄ ጉድለት» ተብሎ ተጻፈ። እንዲፈርም ወረቀቱን አቀረቡለት። ዕድሜውን በሙሉ ዳዊት ሲደግም የኖረ ሰው ዓይኑ ታሽጓልና አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ አተመ። ጣቱን ይዤ ወረቀቱ ላይ ያሳረፍሁለት እኔ ነኝ። በሰበብ አስባቡ የምጮኸው ሴት ያን ቀን ትንፍሽ አላልሁም። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ። በሦስተኛው ቀን አስተዳደር ቢሮ ገብቼ ቆሜ ተናገርሁ። «ፋሸታውን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። ቧንቧውንም ከፍቼ የተውሁት እኔ ነኝ።» ሰውየው ከኮምፒውተሩ ቀና አላለም።

«ቅጹ ሄዷል እኮ።»

«ይመለሳ!»

«ምን ተብሎ? ተጎጂው ራሳቸው አምነው ፈርመዋል። እርስዎን ምን አስጨነቀዎት? ተዘግቷል።»

«ውሸት ነው የተዘጋው!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። ያን ጊዜ ቀና አለና በማመልከቻ ያቅርቡ አለኝ። በማመልከቻ አቀረብሁ። ሳምንት ቆይቼ ስጠይቅ «ለሚመለከተው ተመርቷል» ተባልሁ። የሚመለከተው ማን እንደሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ፋሸታ ለምኜ ተከለከልሁ፤ ጥፋቴን ልስጣችሁ ብዬ ለምኜም ተከለከልሁ። በዚያ መሥሪያ ቤት ጥፋት እንኳ ወረፋ አለው።

ብዙም ሳይቆይ የእጅ ፓምፑ መጣ። የሚያሳየው መነጽርም በካርቶን መጣ። ብርጭቆ የማይጨብጥ የላስቲክ ማሰሪያ በፌስታል ሙሉ መጣ። በራችን ላይ «ጥንቃቄ አይለይዎት» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። አያ ግን የጡረታ ደብዳቤውን ተቀብሎ አገሩ ገብቷል።

ልጠይቀው ለመሄድ ወራት ፈጀብኝ። ፈተና ነው እላለሁ፣ ዝናብ ነው እላለሁ፣ መንገዱ አያስተማምንም እላለሁ። አንድ ቅዳሜ ስኳርና ሳሙና ገዝቼ አውቶቡስ ላይ ተቀመጥሁ። ኮሶዬ ስንደርስ ብርዱ በመስኮቱ ገብቶ ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናነበ፤ እኔ የምናገረውን በልቤ እየደጋገምሁ ስለነበር አልበረደኝም። አምባ ጊዮርጊስ ወርጄ የነገሩኝን መንገድ ይዤ በእግሬ ሄድሁ። ገብሱ በግራ በቀኝ አሽቷል።

አያ ከበሩ አጠገብ መደብ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ጥላዬ ሲያርፍበት ቀና አለ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ አያ።»

«ውይ! እቴ ነሽ? ግቢ፣ ግቢ! እንደምን ከረምሽ?» ብሎ እጁን ዘረጋ። የዘረጋው ትንሽ ወደ ጎን ነበር። ዞሬ ጨበጥሁት።

ሚስቱ ጠላ ቀዳችልን። ገብሱን ዘንድሮ ጎረቤት እንዳረመላቸው ነገረችኝ። ዳዊቱን ደግሞ በቃሉ የያዘውን ይላል፤ የቀረውን የሚያነብለት ሲገኝ ይሰማል። ይህን ስትለኝ ወቀሳ አልነበረባትም፤ እኔ ግን መቀመጫዬ ቆረቆረኝ። እሷ ወደ ጓዳ ስትገባ በልቤ ስደጋግመው የመጣሁትን አወጣሁት።

«አያ፣ ያን ፋሸታ ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። ቧንቧውንም ከፍቼ የተውሁት እኔ ነኝ። አንተ ለምን በራስህ አደረግኸው? ሄጄም ነገርኋቸው፤ አልሰማ አሉኝ።»

«ምን አደከመሽ። እኔ ወጪ ነኝ፣ አንች ገና ብዙ ትሠሪያለሽ። እንጀራሽን ይንኩ ብዬ ዝም ልበል?»

ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ አስቀመጠው። ሌላ አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር፤ ወራቱን ሁሉ ሲከነክነኝ የኖረ።

«ያን ጠዋት እዚያ ምን ትሠራ ነበር? ውሃ እንኳ አልነበረም።»

«ተይው እቴ፣ ያለፈ ነው።»

«ንገረኝ።»

ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰበሰበ። ከዚያ ጓዳ ድረስ እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ካቻቢቴውን ይዤ ነበር። አንድ ዙር ብቻ ላላ ላደርገው ነው። ጠብቆ ነበር፣ በጣቴ ነክቼ አውቄዋለሁ። ብርጭቆ እንዲያ አይጨበጥም።»

«መቼ ነው የነካኸው?»

«ያሰርሽው ዕለት።»

«ታዲያ ምነው ያን ዕለት አልነገርኸኝ?»

«ብነግርሽ ትቆጪኛለሽ» አለ። «ፈራሁሽ። ጀርባሽን ስትሰጪ ሳታይኝ ላላላው ብዬ ነው።»

«ምነው አትነግረኝም!» ብዬ ተነሣሁ። «አንድ ቃል! አንድ ቃል ብትናገር ምን ነበረበት አያ! አንድ ቃል!»

ድምፄ ቤቱን ሞላው። ሚስቱ ከጓዳ ብቅ ብላ ቆመች። አያ አንገቱን ደፋ፤ አልመለሰልኝም።